አገራቸው ሲከፈል ያዩ ሰዎች የሠሩት ሲኒማ

ካልካታ ጎዳና ላይ አንድ ሰው ይሮጣል። በእጁ በሚጎትተው ሪክሾ ላይ የተሳፈረው ወጣት፣ ከፊት በሌላ ሪክሾ የምትሄደውን ሴት ካልደረስኩባት ብሎ ተጣድፏል። ፍጠን ይለዋል፤ ክፍያውን ይጨምርለታል። ጎታቹ ይፈጥናል። እንደገና ይጨምርለታል፤ እንደገና ይፈጥናል። ካሜራው ከእግሩ ወደ ፊቱ፣ ከፊቱ ወደ ጎማው ይመላለሳል። ተሳፋሪው ለጨዋታ የቸኮለበት መንገድ ለጎታቹ የሞት ሽረት ነው፤ እያንዳንዷ ሩፒ በሐራጅ ሊሸጥበት የተቃረበውን መሬቱን ማስመለሻ ናት። መጨረሻ ላይ የሪክሾው ጎማ ይወልቅና ሰውየው መንገዱ ላይ ይዘረራል።

ሰውየው ሻምቡ ይባላል። ፊልሙ በ1953 የወጣው «ዶ ቢጋ ዛሚን»፣ ማለትም «ሁለት ቢጋ መሬት» ነው፤ ቢጋ የመሬት መለኪያ ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሻምቡ ድርቅ ያደቀቀው ገበሬ ነው። የመንደሩ ባለርስት ከከተማ ሰዎች ጋር ተስማምቶ ፋብሪካ ሊያስተክል ሲነሳ የሻምቡ ቁራሽ መሬት መሀል ገብታ እንቅፋት ትሆንበታለች። ሽጥልኝ ይለዋል፤ ሻምቡ እምቢ ይላል። ያን ጊዜ ባለርስቱ ዕዳህን ባንዴ ክፈል ብሎ ይይዘዋል። ሻምቡ በልቡ የያዘው ዕዳ 65 ሩፒ ነበር፤ ማንበብ በማይችለው መዝገብ ላይ የተጻፈው ግን 235 ሩፒ ሆኖ ይወጣል። ፍርድ ቤት የሦስት ወር ጊዜ ይሰጠዋል። ገንዘቡን ሊያገኝ ወደ ካልካታ ሲሄድ ትንሹ ልጁ ተደብቆ ባቡር ላይ ይከተለዋል፤ አባት ሪክሾ ይጎትታል፣ ልጅ ሊስትሮ ይሆናል።

ስለ ባለርስትና ስለ ገባር፣ ስለ አራጣና ስለ ሐራጅ ከአያቶቹ ሲሰማ ላደገ ኢትዮጵያዊ ይህን ታሪክ ማብራራት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ፊልሙ መኖሩን መንገር ነው። በአገራችን የህንድ ፊልም ሲባል ብዙዎች ትዝ የሚላቸው በሲኒማ ቤትና በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት ያዩት ዘፈን፣ ድብድብና እንባ ነው። ያ ሁሉ የበቀለበት መሬት ግን ከ1951 እስከ 1960 ባሉት ዓመታት የተሠሩት የሂንዲ ፊልሞች ናቸው፤ ብዙ ተመልካችም እነሱን አላያቸውም።

ሻምቡን ሆኖ የተጫወተው ባልራጅ ሳህኒ በተፈጥሮው የከተማ ሰው ነበር። ዩኒቨርሲቲ የተማረ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ለንደን ውስጥ በቢቢሲ የሠራ፣ ንግግሩም አለባበሱም የጨዋ ሰው የነበረ ተዋናይ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ባዶ እግሩን የሚሮጥ ገበሬ ይሆናል ብለው ያላመኑ ነበሩ። እሱ ግን ከሰሜን ህንድ ገጠር መጥተው ቦምቤይ ዳርቻ ላይ ላም እያለቡ ከሚኖሩ ሰዎች ዘንድ እየተመላለሰ አካሄዳቸውን፣ አበላላቸውን፣ ሻሽ አጠማጠማቸውን አጠና። ካልካታ ደርሶ ሪክሾ መጎተት ሲለማመድም አንድ ያረጀ ጎታች አጠገቡ መጥቶ ምን እንደሚሠሩ ጠየቀው። ሳህኒ የፊልሙን ታሪክ ሲነግረው ሽማግሌው አለቀሰ። ታሪኩ የራሱ ነበር፤ መሬቱን ከዕዳ ሊያስለቅቅ ከመንደሩ ከወጣ ብዙ ዓመታት አልፈውት ነበር። ሳህኒ ይህን በግለ ታሪኩ ላይ ጽፎታል። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ትወና ጥበብ ማሰቡን ትቶ የዚያን ሰው ነፍስ ለመሸከም ብቻ እንደሞከረ ይናገራል። ፊልሙን ያየ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም።

ዳይሬክተሩ ቢማል ሮይ ዳካ አካባቢ በርስት ከሚኖር ቤተሰብ የተወለደ ሰው ነው። አባቱ ሲሞቱ ቤተሰቡ ርስቱን አጥቶ ወደ ካልካታ ተሰደደ፤ ስለ መሬት የሚያውቀው ከሁለቱም ወገን ነበር ማለት ነው። በ1952 ህንድ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል ስታዘጋጅ ቦምቤይ ላይ የጣሊያኑን «የብስክሌት ሌቦች» ተመለከተ። ሙዚቃ ደራሲው ሳሊል ቾውድሪ የጻፈው የሪክሾ ጎታች ታሪክ ነበር፤ ሮይም በዚያው መንፈስ፣ ከስቱዲዮ ወደ እውነተኛ ጎዳና ወጥቶ ቀረጸው። «ዶ ቢጋ ዛሚን» በ1954 በካን ፌስቲቫል ተሸለመ፤ በዚያው ዓመት የተጀመረው የፊልምፌር ሽልማትም የመጀመሪያውን የምርጥ ፊልምና የምርጥ ዳይሬክተር ክብር ለዚሁ ሥራ ሰጠ።

የዚያን ዘመን ፊልሞች አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ከሠሪዎቹ የትውልድ ቦታ ይጀምራል። በ1947 እንግሊዝ ስትወጣ አገሩ ህንድና ፓኪስታን ተብሎ ለሁለት ሲቆረጥ ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቀለ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተገደለ። የቦምቤይ ሲኒማም አብሮ ተቆረጠ። ዘፋኟና ተዋናይቷ ኑር ጀሃን ወደ ፓኪስታን ሄደች። ባልራጅ ሳህኒና ገጣሚው ሻይሌንድራ የተወለዱባት ራዋልፒንዲ በአንድ ሌሊት የሌላ አገር ከተማ ሆነች። የተዋናዮቹ የራጅ ካፑርና የዲሊፕ ኩማር የትውልድ ከተማ ፔሻዋርም እንዲሁ። ተዋናዩ ሱኒል ደት ጄለም አጠገብ ካለ መንደር በወጣትነቱ የተፈናቀለ ነው። ይህ ሁሉ ስለ ክፍፍሉ በቀጥታ የሚናገሩ ፊልሞችን ወዲያው አልወለደም፤ ቁስሉ ገና ትኩስ ነበር። ይልቁንም ጥያቄው በሌላ መልክ ብቅ ይላል፦ መሬቱ የማን ነው? ልጁ የማን ልጅ ነው? ከቤቱ የተባረረ ሰው የት ይደርሳል? ይህ ጥያቄ በአንዱ ፊልም ገበሬ ሆኖ፣ በሌላው ሌባ ሆኖ፣ በሌላው ገጣሚ ሆኖ ይመላለሳል።

ሌባው የ«አዋራ» ሰው ነው፤ በ1951 ራጅ ካፑር ገና በ26 ዓመቱ ያዘጋጀውና ራሱ የተወነበት ፊልም። አንድ የተከበረ ዳኛ የሌባ ልጅ ሌባ፣ የጨዋ ልጅ ጨዋ ይሆናል ብሎ ያምናል። በዚህ እምነቱ የበደለው ሽፍታ ሚስቱን ጠልፎ ከጥቂት ቀን በኋላ ይመልሳታል፤ ዳኛው የፀነሰችውን ልጅ ተጠራጥሮ ከቤት ያባርራታል። ልጁ በጎዳና አድጎ ሌባ ይሆንና አንድ ቀን አባቱ ፊት ተከሳሽ ሆኖ ይቆማል። ዳኛውን የተጫወተው የራጅ ካፑር እውነተኛ አባት ፕሪትቪራጅ ነው። የልጁን የሕፃንነት ዘመን የተጫወተው ታናሽ ወንድሙ ሻሺ ነው፤ ፍርድ ቤቱን የሚመሩት ሽማግሌ ደግሞ አያቱ ናቸው። የአንድ ቤት ሦስት ትውልድ በአንድ ችሎት ተገናኝቶ ሰው በዘሩ ይፈረድበታልን ብሎ ይከራከራል። ፊልሙ በ1954 በሶቪየት ኅብረት ታይቶ ሕዝቡን አስደመመ፤ በቱርክና በቻይናም ዘፈኑን ከልጅ እስከ አዋቂ ያዜመው ነበር።

ዘፈኑን የጻፈው ሻይሌንድራ የባቡር ጥገና ሠራተኛ ነበር። ራጅ ካፑር በአንድ የግጥም ዝግጅት ላይ ሰምቶት ግጥምህን ሽጥልኝ ሲለው እምቢ ብሎታል፤ ሥራውን ለገንዘብ አይሰጥም ነበርና። በኋላ ባለቤቱ አርግዛ ችግር ሲጠናበት ራሱ ካፑር ዘንድ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ የተሠሩት ዘፈኖች የአንድ ትውልድ አንደበት ሆኑ። ስለዚህ ስለ ዘፈን ነገር አንድ ቁም ነገር እዚህ መነሳት አለበት። ብዙ አዲስ ተመልካች ዘፈኑ ሲመጣ አሳልፎ ወደ ታሪኩ ይዘላል። በእነዚህ ፊልሞች ግን ታሪኩ ያለው ዘፈኑ ውስጥ ነው። ገጸ ባሕሪው በንግግር ሊለው የማይደፍረውን፣ ለአባቱም ለጌታውም ለመንግሥትም ሊናገር የማይችለውን የሚናገረው በዜማ ነው። ተዋናዩ አፉን ያንቀሳቅሳል፤ ድምፁ የላታ ማንጌሽካር፣ የሞሐመድ ራፊ ወይም የሙኬሽ ነው። ይህ ከ1935 ጀምሮ የተለመደ አሠራር ሲሆን ተመልካቹም ያውቀዋል፤ ማንም ተታለልኩ አይልም። ኃይሉን ለማወቅ የ1952ን ጉዳይ ማስታወስ ይበቃል። የማስታወቂያ ሚኒስትሩ ኬስካር የፊልም ዘፈን የሕዝቡን ጆሮ ያበላሻል ብለው ከመንግሥት ሬዲዮ እንዲገፋ አደረጉ። ሕዝቡ ሬዲዮኑን ወደ ጎረቤቷ ሲሎን ጣቢያ አዞረ። አሚን ሳያኒ የሚያቀርበው የሳምንቱ ተወዳጅ ዘፈኖች ዝግጅት በመላ አገሪቱ ይደመጥ ጀመር፤ የመንግሥት ሬዲዮም በ1957 ለፊልም ዘፈን ሰፊ ጊዜ የሚሰጥ አገልግሎት ከፍቶ ተመለሰ።

በዚያው በ1957 ሁለት ታላላቅ ፊልሞች ወጡ። «ማዘር ኢንዲያ» የመህቡብ ካን ሥራ ነው። ራዳ የተባለች ሙሽራ ለሠርጓ የወጣው ወጪ በአራጣ የተበደረ መሆኑን ትደርስበታለች፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ዕድሜዋ ሁሉ ያንን ዕዳ መክፈል ነው። ባሏ እጆቹን ያጣል፣ ይሰወራል፤ እሷ በበሬ ፈንታ ቀንበር ተሸክማ ታርሳለች። ናርጊስ ከሙሽርነት እስከ እርጅና የተጫወተችው ይህ ሚና ከሂንዲ ሲኒማ የሴት ሚናዎች ሁሉ የሚከብድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አራጣ አበዳሪውን የተጫወተው ካንሃያላል በ1940 መህቡብ ካን ይህንኑ ታሪክ «አውራት» ብሎ ሲሠራውም ያንኑ ሰው ሆኖ ተውኗል። ጉጃራት ውስጥ የእሳት ትዕይንት ሲቀረጽ ነበልባሉ ናርጊስን ከበባት፤ ዘሎ ገብቶ ያወጣት በፊልሙ ልጇን የሚጫወተው ሱኒል ደት ነበር። በዓመቱ ተጋቡ። ፊልሙ ለኦስካር ከታጩ የውጭ ቋንቋ ፊልሞች የመጀመሪያው የህንድ ሥራ ነው።

ሁለተኛው «ፕያሳ» ነው፤ የተጠማው ማለት። ጉሩ ደት አዘጋጅቶ የተወነበት ይህ ፊልም ግጥሙን የሚያሳትምለት ያጣውን የገጣሚውን የቪጃይን ታሪክ ይነግራል። ወንድሞቹ የግጥም ወረቀቱን ለቆሻሻ ወረቀት ገዢ ይሸጡታል። ወረቀቱን ገዝታ ግጥሙን በቃሏ የያዘችው ጉላቦ የምትባል ሴተኛ አዳሪ ናት፤ ዋሂዳ ሬህማን በትልቅ ጸጥታ ተጫውታታለች። ሕይወቱን ሙሉ ማንም ዞሮ ያላየው ገጣሚ ሞተ ተብሎ ሲወራ መጽሐፉ ይታተማል፣ ከተማው ይነሳለታል፣ ትናንት ያባረሩት ሁሉ ወዳጁ ነበርን ይላሉ። በመታሰቢያው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሟቹ የበሩ መቃን ላይ እጆቹን ዘርግቶ፣ ብርሃን ከኋላው እየፈሰሰ ይቆማል። ከዚያ የሚዘፍነው ዘፈን የሳሂር ሉዲያንቪ ግጥም ነው፤ ሳሂርም ከክፍፍሉ በኋላ ላሆርን ለቆ ወደ ህንድ የገባ ገጣሚ ነበር። ነፃነት ከመጣ ገና አሥር ዓመቱ ነው፤ ሹማምንቱ አዲስ ዘመን ገባ በሚሉበት ወቅት ይህ ፊልም አዲሱ ዘመን ለማን ገባ ብሎ ይጠይቃል። ታይም መጽሔት በ2005 ባወጣው የምንጊዜም 100 ምርጥ ፊልሞች ዝርዝር ውስጥ «ፕያሳ» ይገኛል።

ጉሩ ደት በ1959 ያስከተለው «ካጋዝ ኬ ፉል»፣ የወረቀት አበቦች፣ ስለ አንድ የፊልም ዳይሬክተር ውድቀት ነው። በህንድ በሲኒማስኮፕ፣ በሰፊ ስክሪን የአቀራረጽ ዘዴ፣ የተሠራ የመጀመሪያው ፊልም ሲሆን ገበያ ላይ ክፉኛ ወደቀ፤ ተመልካቹ ፊቱን አዞረበት። ካሜራማኑ ቪ. ኬ. ሙርቲ የውጪውን ፀሐይ በመስተዋት እየመለሰ ወደ ጨለማው ስቱዲዮ አስገብቶ የቀረጸው ትዕይንት አለ፤ ሁለት የሚዋደዱ፣ ግን ሊጋቡ የማይችሉ ሰዎች ከጣሪያ በሚወርድ አንድ የብርሃን ዓምድ ግራና ቀኝ ይቆማሉ። ከዚህ ትዕይንት የሚበልጥ የጥቁርና ነጭ ቀረጻ በሂንዲ ሲኒማ ማግኘት ይቸግራል። ጉሩ ደት ከዚያ ወዲህ በዳይሬክተርነት ስሙን ያሰፈረበት ፊልም የለም። በጥቅምት 1964 በ39 ዓመቱ አረፈ። ዛሬ ፊልሙ በፊልም ትምህርት ቤቶች ይጠናል፤ በሕይወት እያለ ይህን አላየም።

ከዚያ በኋላ «ሙጋል-ኤ-አዛም» ይመጣል፤ ስለ እሱ በአጭሩ መናገር አይቻልም። ኬ. አሲፍ ሥራውን የጀመረው በ1940ዎቹ አጋማሽ ነው። ገንዘብ ሰጪው ሺራዝ አሊ ሃኪም ከክፍፍሉ በኋላ ወደ ፓኪስታን ሄደ። ንጉሡን አክባርን ሊጫወት የተመረጠው ቻንድራሞሃን በ1949 ሞተ። የተቀረጸው ሁሉ ተጣለ። አሲፍ ግን አልተወውም፤ ሻፑርጂ ፓሎንጂ የተባለውን የሕንፃ ሥራ ባለሀብት አሳምኖ፣ ተዋናዮቹን ቀይሮ እንደገና ጀመረ። ታሪኩ አልጋ ወራሹ ሳሊም አናርካሊ የምትባል የቤተ መንግሥት ጨፋሪ ወድዶ ከአባቱ ከአክባር ጋር እስከ ጦርነት የሚደርስበት ነው።

አሲፍ ያልተጨነቀበት ነገር አልነበረም። ልብስ ሰፊዎች ከዴልሂ፣ ወርቅ አንጥረኞች ከሃይደራባድ፣ ጫማ ሰፊዎች ከአግራ ተሰበሰቡ። ለጦርነቱ ትዕይንት 2,000 ግመልና 400 ፈረስ ተሰለፈ፤ ከወታደሮቹ ብዙዎቹ ከህንድ ጦር የተገኙ ነበሩ። የታንሴንን፣ የአክባርን ታላቅ ዘፋኝ፣ ድምፅ ለመስጠት ኡስታድ ባዴ ጉላም አሊ ካን ሲለመኑ ፊልም ውስጥ መዝፈን ስላልፈለጉ አሲፍን ለማባረር ብለው ለአንድ ዘፈን 25,000 ሩፒ ጠየቁ፤ ላታና ራፊ ለአንድ ዘፈን ጥቂት መቶ ሩፒ በሚያገኙበት ዘመን ነው። አሲፍ እሺ አለ። ለጭፈራው ትዕይንት የታሰበውን የመስተዋት አዳራሽ መገንባት ብቻ ሁለት ዓመት ፈጀ። መብራት ሲበራ እልፍ መስተዋት ብርሃኑን መልሶ ካሜራውን አሳወረው፤ ካሜራማኑ አር. ዲ. ማቱር ብርሃኑን በቀጥታ ከመልቀቅ ይልቅ ከሌላ ነገር ላይ እያነጠረ በብዙ ሙከራ መላ አገኘለት።

በዚያ አዳራሽ አናርካሊ ንጉሡ ፊት ቆማ በፍቅር መፍራት የለም ብላ ትዘፍናለች፤ ሺህ አናርካሊ በጣሪያው መስተዋቶች ውስጥ አብራት ትሽከረከራለች። ፊልሙ በጥቁርና ነጭ ሆኖ ሳለ ይህ ክፍል በቀለም ይፈነዳል። እሷን የተጫወተችው ማዱባላ ከልጅነቷ የልብ ሕመምተኛ ነበረች፤ በወህኒው ትዕይንት ላይ የታሰረችበት ሰንሰለት እውነተኛ ብረት ነው። ሳሊምን ከተጫወተው ከዲሊፕ ኩማር ጋር የነበራት እውነተኛ ፍቅር በቀረጻው ዓመታት መሀል ፈርሶ ሁለቱ ከካሜራ ውጭ አይነጋገሩም ነበር። ተመልካች ሳሊም ላባ ይዞ ፊቷን የሚዳብስበትን ትዕይንት ሲያይ ይህን ቢያስታውስ የሁለቱን ጥንካሬ ይረዳል። ነሐሴ 5 ቀን 1960 ቦምቤይ ማራታ ማንዲር ሲኒማ ሲከፈት የፊልሙ ሽክርክሪቶች በተሸለመ ዝሆን ላይ ተጭነው ደረሱ፤ ሰዉ ቲኬት ለማግኘት ምግቡን ከቤቱ እያስመጣ ቀናትን በሰልፍ ላይ አሳለፈ። ማዱባላ በ1969 በ36 ዓመቷ ሞተች።

የ«ሙጋል-ኤ-አዛም»ን የገቢ ክብረ ወሰን 15 ዓመት ያህል የደፈረው አልነበረም። ያሸነፈው «ሾሌ» ነው፤ ነሐሴ 15 ቀን 1975 የወጣው የራሜሽ ሲፒ ፊልም። እሱም የክፍፍሉ ልጅ ነው፦ ፕሮዲዩሰሩ አባቱ ጂ. ፒ. ሲፒ ከካራቺ ተሰደው ቦምቤይ የገቡ ሰው ናቸው። በሽፍታ የተዋረደ የቀድሞ የፖሊስ አዛዥ ሁለት ሌቦች ቀጥሮ ይበቀላል። ባንጋሎር አቅራቢያ ባለው የራማናጋራ ዐለታማ ምድር የተቀረጸው ይህ ፊልም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወደቀ ተብሎ ተፈርዶበት ነበር፤ ከዚያ በሚኔርቫ ሲኒማ ከአምስት ዓመት በላይ ታየ። ሽፍታው ጋባር ሲንግ የሚናገረው ሁሉ በሕዝቡ አፍ ገብቶ የንግግሩ ሸክላ ለብቻው ተሸጠ። ፊልሙ ከመውጣቱ ከሁለት ወር በፊት ኢንዲራ ጋንዲ የአስቸኳይ ጊዜ አውጀው ስለነበር ሳንሱሩ የቀድሞ ፖሊስ በገዛ እጁ ሽፍታ ገድሎ ሊያበቃ አይችልም ብሎ መጨረሻውን አስለወጠ። የመጀመሪያው ፍጻሜ የተመለሰበት የታደሰው ቅጂ ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ2025 በጣሊያኗ ቦሎኛ ታየ። በዚያው ዓመት «ዶ ቢጋ ዛሚን»ም ታድሶ በቬኒስ ፌስቲቫል ቀርቧል።

ሌሎችም አሉ፤ የቢማል ሮይ «ባንዲኒ»፣ ዴቭ አናንድ የተወነበት «ጋይድ»፣ ሚና ኩማሪ ዓመታት የፈጀባትና ከወጣ ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ የሞተችበት «ፓኪዛ»፣ የሪሺኬሽ ሙከርጂ «አናንድ»። እነዚህ ለሁለተኛው ዙር ይቆዩ።

ማየት የሚፈልግ አንባቢ በ«ዶ ቢጋ ዛሚን» ይጀምር፤ አጭሩና ቀጥተኛው እሱ ነው። ቀጥሎ «አዋራ»ን፣ ከዚያ «ፕያሳ»ን ይመልከት። «ሙጋል-ኤ-አዛም» ከሦስት ሰዓት በላይ ይወስዳልና አንድ እሑድ ከሰዓት ይመደብለት፤ በ2004 ቀለም ተቀብቶ የወጣው ሳይሆን ጥቁርና ነጩ ቅጂ ይፈለግ፤ የመስተዋቱ አዳራሽ በቀለም ሲፈነዳ የሚያስደነግጠው ያኔ ነው። የትርጉም ጽሑፍ ያለው ቅጂ ይመረጥ። ዘፈኖቹንም እባካችሁ አትዝለሉ።